የአያት ሰንጢና የገበያ ሰንጢ፦ የጥንቱ ከአዲሱ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ የምጽፍላችሁ ከቢቸና ነው። የብራና ጸሐፊ የነበሩት አያቴ የመቃ ብርዕ ይቀርጹባት የነበረች አንዲት ሰንጢ ትተውልናል። እጀታዋ ጥቁርና ሸካራ ሲሆን ከስለቷ ሌላ የቆርቆሮ መክፈቻና ወፍራም ወስፌ አላት፤ በስለቷ ሥር ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክትና 1940 የሚል ቁጥር ተመቷል። ቤተሰቡ በጣሊያን ጊዜ እንደተገኘች ሲናገር ኖሯል። አሁን ግን አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ነጋዴ «በ1940 ከተሠራች ጣሊያን ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ወታደር ይዟት የመጣች አይደለችም» ብሎ፣ የዐድዋ ዘመን ነው በሚለው በራሱ ሰንጢ እንድንለዋወጥ ጠይቆኛል። በእሱ ሰንጢ ስለት ላይ «ስቴንለስ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ማግኔት እንደሚስበውም አሳይቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሰንጢዎን አይለውጡ። ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ የተሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝ አገር የተመታ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር አይነበብም፤ የእነርሱ 1940 ለእኛ ከታኅሣሥ 1932 እስከ ታኅሣሥ 1933 ያለው ጊዜ ነው። የቀስቱ ጫፍ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ሲሆን፣ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ወስፌ በአንድነት የያዘው ባለ ጥቁር እጀታ ሰንጢ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ሠራዊት ይታደል የነበረ ዓይነት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት ከተመራው ጦርና ከጎጃም አርበኞች ጋር በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ መግባታቸው የታወቀ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰንጢ በቢቸና ቢገኝ አያስደንቅም።

ነገር ግን ታሪኩና ምልክቱ መስማማታቸው ብቻውን አይበቃም፤ ምልክትን በአንድ ቀን መምታት ይቻላል። በአንድ ቀን ሊሠራ የማይችለው፣ የሰንጢው ክፍሎች ሁሉ አብረው ማርጀታቸው ነው። ስለዚህ በፀሐይ ብርሃን አጉሊ መነጽር ይዘው ይመርምሯት። ለዓመታት በድንጋይ የተሳለ ስለት ወርዱ ይጠባል፤ የሚጠበውም ባለቤቱ አዘውትሮ በሚጠቀምበት ቦታ ይበልጥ ነው። አያትዎ ብርዕ ይቀርጹባት ከነበረ ስለቷ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተበልቶ ሊገኝ አይገባም። ስለቱ በዚህ መጠን ከተበላ፣ የእጀታው ጠርዝና የሞላው (ስለቱን ወጥሮ የሚይዘው ብረት) ጀርባም እጅና ኪስ ሲያሻሻቸው ለስልሰው መታየት አለባቸው። እጀታው የነተበ ሆኖ ስለቱ ሙሉ ከሆነ፣ ወይም እጀታውን የያዙት ምስማሮች ራሳቸው የሚያብረቀርቅና የቅርብ ጊዜ የመዶሻ ምት የሚታይበት ከሆነ፣ አንዱ ክፍል መለወጡን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ስለቱ ታጥፎ የሚገባበትን ስንጥቅ ይመልከቱ። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የማምነው ይህን ቦታ ነው፤ አዲሱን አሮጌ የሚያስመስል ሰው በውጭ የሚታየውን እንጂ ይህን ለማስረጀት እምብዛም አይደክምም። በእውነት ያገለገለ ሰንጢ እዚያ ውስጥ የደረቀ ቅባት፣ የኪስ ብናኝና አፈር ተጋግሮበት ይገኛል። ዝገቱም ይናገራል፦ ስለቱ በዘመን ብዛት የሚይዘው ቀለም ጥቁር ግራጫ ሲሆን፣ በአሲድ የተበላ ብረት ግን እጅ በማይደርስበት ጉድጓድ ሳይቀር ባንድ ዓይነት ተቦርቡሮ ይታያል። የቁጥሩን ፊደላት ጫፍም ያስተውሉ። ዝገቱ ፊደሉን ከቆረጠው ፊደሉ ቀድሟል፤ ፊደሉ በዝገት ጉድጓድ ላይ ካለፈ ግን የተመታው ብረቱ ካረጀ በኋላ ነው።

እጀታው ፕላስቲክ መሰል ሰው ሠራሽ ነገር መሆኑ አያስደንግጥዎ፤ በዚያ ጦርነት ጊዜ ለዚህ ሰንጢ የሚውለው ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ነበር። አጥንት ነው የተባለ እጀታ ሲያጋጥም ግን በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳዎችና ጭረቶች መታየት አለባቸው። አንዳንዶች በጋለ መርፌ ወግተው በሚወጣው ሽታ ይለያሉ፤ እኔ ይህን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ዕቃውን ያበላሻል፣ እጀታው ሴሉሎይድ (በቀላሉ የሚነድ የድሮ ፕላስቲክ) ከሆነም በእሳት ይያያዛል።

የነጋዴውን ሰንጢ በተመለከተ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። የማይዝግ ብረት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የተገኘው፣ ሃሪ ብሪርሊ በፈረንጆች 1913 ባደረገው ሙከራ ነው። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በእኛ 1888፣ በእነርሱ 1896 ነውና «ስቴንለስ» ወይም በፈረንሳይኛ «ኢኖክስ»፣ ማለትም የማይዝግ፣ የሚል ጽሑፍ ያለው ስለት በምንም መንገድ የዐድዋ ዘመን ሊሆን አይችልም። ማግኔቱም ምንም አያረጋግጥም፤ ለስለት የሚሆነውን የማይዝግ ብረት አብዛኛውን ማግኔት እንደ ተራው ብረት ይስበዋል። እጀታው ከምስማር ይልቅ ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ ቀዳዳ ባላቸው ብሎኖች የታሰረ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ዓይነት ብሎን በፈረንጆች 1967 የወጣ መሆኑን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ። የአባቴ ሰንጢ ጠቁሯል፤ በብርጭቆ ወረቀት ባጸዳው ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል። ጥቁረቱ ስለቱን ከመጥፎው ዝገት በመጠኑ የሚከላከል ሲሆን፣ የዕድሜው ምስክርም እሱ ነው፤ የተመታውንም ምልክት ወረቀቱ ይፍቀዋል። ቀይ ዝገት ብቻ ካለ ለስላሳ ጨርቅ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነክረው ቀስ አድርገው ይጥረጉት። የኑግ ዘይት አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ሙጫ ሆኖ ሞላውን ይይዘዋል። በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከማቆየት ይልቅ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚስብና የተለፋበት ነገር ብረትን ስለሚበላ ነው።