በባዕድ አገር የሚማር ምእመን ጾሙንና ጸሎቱን እንዴት ይጠብቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የካ አባዶ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ከቤት እስከ ጎረቤት ሁሉ ስለሚጾም ረቡዕና ዓርብን ማሰብ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጀርመን፣ ማርቡርግ ከመጣሁ ሦስተኛ ወር ሆነኝ፤ አሁን ግን ጾመ ነቢያት መግባቱን የሰማሁት እናቴ ደውላ ስትነግረኝ ነው። የተማሪዎች ምግብ ቤት ምን እንደ ገባበት የማላውቀውን እበላለሁ፤ የክፍሌ ልጆች ዓርብ ማታ ሲጋብዙኝ እምቢ ማለት ያሳፍረኛል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደግሞ በባቡር አንድ ሰዓት ተጉዤ ፍራንክፈርት ነው። እንደ አገር ቤት ማድረግ ካቃተኝ ለጊዜው ትቼው ስመለስ ብጀምርስ? ቅርብ ከሆነ በግብጾች ወይም በግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ብቆርብስ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ ምግቡም ባቡሩም ሳይሆን «ስመለስ ብጀምርስ» ያልሽው ነው፤ ሁለት ዓመት የተተወ ጸሎት ቦሌ ሲደርሱ በራሱ የሚመለስ አይደለምና። እንደ አገር ቤት ማድረግ አለመቻልሽ ግን ኃጢአት አይደለም፤ አባዶ ላይ ጾሙን ያስታወሰሽ ደወሉ፣ የጎረቤት ሽሮ ሽታና የእናትሽ ድስት ነበር፤ አሁን ይህን ሁሉ ብቻሽን ልታስታውሺ ተገድደሻል፤ ስለዚህ ቢከብድሽ አይገርምም።

እኔም ባዕድነትን በመጠኑ አውቀዋለሁ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ ከአገሬ ወጥቼ ከማላውቀው ጉባኤ ቤት የደረስሁ ዕለት፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ የቆምሁበት የመጀመሪያው ደጅ ውሻ የተፈታበት ነበር፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ባቴ ላይ አለ። በማግሥቱ አንድ ነባር ተማሪ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የትኛዋ እናት ቁራሽ እንደማትነፍግ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ እየዞረ አሳየኝ። አንቺም አስቀድመሽ የምትፈልጊው ነባሩን ተማሪ ነው፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ካንቺ አንድና ሁለት ዓመት የቀደሙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አይጠፉምና የትኛው ባቡር ለቅዳሴ እንደሚያደርስ፣ ምስሩ ከየት ሱቅ እንደሚገዛ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ስለ ምግቡ የሚረዳሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች ምግቡ ውስጥ ካሉ ለተመጋቢው መገለጽ አለባቸው፤ ወተትና እንቁላልም ከእነዚህ ናቸው። ስለዚህ ከምግቡ ስም አጠገብ የሚጻፉትን ትንንሽ ምልክቶች ማንበብ ልመጂ፤ ካልገባሽ የምታድለውን ሴት ጠይቂያት፤ «ቪጋን» ተብሎ የተለየውም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ነውና ለጾማችን ይሆናል። ሳታውቂ የበላሽው ይቅር ይባላል፤ ማወቅ እየቻልሽ ላለማወቅ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ጾሙ ከምግብ ዓይነት ጋር ሰዓትም እንዳለው አትርሺ፤ የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ይለዋል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መቆየት ከላቦራቶሪና ከፈተና ጋር የማይሄድባቸው ቀናት ይኖራሉ፤ በእነዚያ ቀናት የምትበዪበትን ሰዓት በራስሽ ፈቃድ አትወስኚ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እርሳቸው ይወስኑልሽ።

የዓርቡን ግብዣ በተመለከተ ዳንኤልን ተመልከቺ። እርሱም በሰው አገር ተማሪ ነበር፤ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማር ተመድቦ ከንጉሡ ማዕድ ሲቀርብለት ማዕዱን አልገፋም፤ ጠባቂውን በትሕትና ለምኖ ለአሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ተሰጥቶት እንዲታይ ጠየቀ። አንቺም ዓርብ የምትጾሚ መሆንሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪና ቅዳሜ አንቺ ጋብዣቸው፤ ምስር ወጥ ሠርተሽ ብታቀርቢላቸው ከዚያ በኋላ ማብራሪያ የሚጠይቅሽ አይኖርም። ሐፍረቱ ከመጀመሪያው ቀን አያልፍም፤ እነዚያ ልጆችም ሥጋ የማይበላ ባልንጀራ ማየት ብርቃቸው አይደለም።

ቁርባንን በሚመለከት መልሱ አጭር ነው። የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኤርትራ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት አንድ የሆንናቸው እኅቶቻችን ናቸው፤ የፊተኞቹ የአራቱ አባቶች በ1957 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ከአባቶቻችን ጋር ጉባኤ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ካህኑን አስቀድመሽ አነጋግረሽ፣ ንስሐ ገብተሽና 18 ሰዓት ጾመሽ ከእነርሱ ዘንድ መቁረብ ትችያለሽ። አንቺ ባለሽበት በሄሰን ክልል፣ ክሮፍልባኽ በተባለ መንደር የግብጾች የቅዱስ እንጦንስ ገዳም አለ፤ ኤርትራውያን የሚቀድሱበት ብታገኚ ደግሞ ቅዳሴው የምታውቂው ግእዝ ነው። ከግሪኮች፣ ከሩስያውያንና ከሮማንያውያን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ451 ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተወሰነበት በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የተለያየን ስለሆነ፣ ሥዕላቸውና ዕጣናቸው የእኛን ቢመስልም፣ በቁርባን አንድነት የለንም። ገብቶ መሳለም አይከለከልም፤ መቁረብ ግን አይሆንም።

በየሳምንቱ ፍራንክፈርት ሂጂ ብዬ ሸክም አልጭንብሽም። በወር አንድ እሑድ ለይተሽ አጥብቀሽ ያዢ፤ በቀሩት እሑዶች ጠዋት ከመጽሐፍና ከስልክ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ፤ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ከዛሬ ጀምሬ እሞላለሁ ብለሽ ግን አትነሺ፤ በሳምንቱ ታቆሚዋለሽና የጠዋቱን ነግህና የማታውን ሠርክ ብቻ ያዢ። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ነጠላሽን አይታ ብትጠይቅሽ እየጸለይሁ ነው በያት፤ መታጠቢያ ቤት ተደብቀሽ አትጸልዪ።

የንስሐ አባትሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ስልክ ያነሣሉ፤ በዚህ ወቅት ማርቡርግ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና እናንተ ዘንድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጀርመኖቹ 8 በሚሉት ላይ ደውዪላቸው። ምክሩንና የጾሙን ፈቃድ በስልክ ይሰጡሻል፤ ኃጢአትሽን መናዘዙንና የንስሐውን ፍትሐት ግን ፍራንክፈርት ካለው ካህን ፊት ቀርበሽ ፈጽሚው።