ያስቆምኳት ዘፈን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት "ጋሼ፣ እዚህ አገር በአማርኛ ብዘፍን ማን ይሰማኛል?" አለኝ። መልስ አጣሁለት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እ.ኤ.አ. በ1994 እዚሁ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ አንዲት የጎጃም ልጅ በትንሽ አዳራሽ ልትዘፍን መጣች። ለሙከራ ብላ እናቷ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን ያለ ሙዚቃ ጀመረችው። ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና። እጄ ሚክሰሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ስትጨርስ ግን ምን አልኳት? "ድምፅሽ ግሩም ነው፤ ግን ሰው የማያውቀውን ቋንቋ አይሰማም። እንግሊዝኛ ይሻልሻል።" "እሺ ጋሼ" አለች። ማታ አንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ ዘፈን ዘፈነች፤ ሰዉም ለወጉ አጨበጨበ። ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስትዘፍን አልሰማኋትም።

በዓመቱ፣ በ1995፣ የካርልስበርግ ቢራ ማስታወቂያ ላይ አንድ ዘፈን ሰማሁ። ቋንቋው ጌሊክ፣ የስኮትላንድ የጥንት ቋንቋ ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን ቆሜ ሰማሁት። ዘፋኞቹ ራንሪግ የሚባል የስኮትላንድ ባንድ ናቸው። ዘፈኑ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 18ኛ ወጣ። በስኮትላንድ ጌሊክ ተዘፍኖ ከመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ነበር።

ባንዱን በ1973 የመሠረቱት ሮሪና ካለም ማክዶናልድ የተባሉ ወንድማማቾች ከአኮርዲዮን ተጫዋቹ ከብሌር ዳግላስ ጋር ሆነው ነው፤ ስካይ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት፣ ለጭፈራ እንዲጫወት። ስሙን የወሰዱት ማሳ ተቆራርሶ በየጊዜው ለገበሬው ከሚደለደልበት ከጥንቱ የእርሻ ሥርዓት ነው። ይህን ስሰማ የአያቴ ማሳ ድንበር ትዝ አለኝ። በ1978 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ሙሉ በሙሉ ጌሊክ ነበር። ከዚያ እስከዚያ ማስታወቂያ 17 ዓመት። የዛሬ ልጆች ዘፈን በለቀቃችሁ ማግስት ስንት ሰው እንዳየው ትቆጥራላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እንግሊዝኛ አትንኩ እያልኩ አይደለም። ራንሪጎች ራሳቸው በእንግሊዝኛ ብዙ ዘፍነዋል፤ ያም ያምርላቸዋል።

በ2018 ስተርሊንግ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ፣ ከቤተ መንግሥቱ አምባ ግርጌ፣ መድረኩን ሲሰናበቱ ሄጄ ነበር። አጠገቤ የቆሙት ከዴንማርክ የመጡ ባልና ሚስት ጌሊኩን በቃላቸው ይሉታል። እኔ ያችን ልጅ እያሰብኩ አለቀስኩ።

የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ቅዳሜ ና። ማይክራፎኑን እኔ አስተካክልልሃለሁ፤ ዘፈኑን አንተ ምረጥ።