ማርሹን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ለጥራት ክፍል ጀማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ላይ ጨርቃ ጨርቅ ተምራችሁ ወደ ፈተላ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ለምትገቡ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ክሩ ቀጠነ ወይም ወፈረ ብላችሁ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት፣ ያያችሁት ልዩነት ማሽኑ ሁልጊዜም የነበረበት ነው ወይስ አዲስ የመጣ? ይህን መጀመሪያ ለዩ። መለያው ኮንትሮል ቻርት ነው፤ የየጊዜው ልኬት በነጥብ የሚቀመጥበት፣ መሃል ላይ የአማካይ መስመር፣ ላይና ታች ደግሞ የተለመደው ልዩነት የሚያበቃበት ወሰን የተሰመረበት ሥዕል ማለት ነው። ዋልተር ሼውሃርት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1924 በአንድ ገጽ ማስታወሻ ለአለቃው ያቀረበው ዘዴ ሲሆን፣ ዛሬም ቢሆን እርሳስና ካልኩሌተር ይበቃዋል።

20 ቁጥር የጥጥ ክርን እንውሰድ። 20 ቁጥር ማለት ከ1 ፓውንድ ጥጥ 20 ጊዜ 840 ያርድ ክር ይወጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ 120 ያርዱ 3.24 ግራም ይመዝናል። የመጠቅለያው ዙሪያ 1.5 ያርድ ከሆነ 80 ዙር ይበቃችኋል። በየ2 ሰዓቱ ከአንድ ማሽን 5 ቦቢን (ክር የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ) አንሱ፣ ከእያንዳንዱ 120 ያርድ ጠቅልላችሁ መዝኑ። የአምስቱን አማካይ በአንድ ቻርት፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ልዩነት በሌላ ቻርት ላይ በነጥብ አስቀምጡ፤ ይህን ልዩነት ሬንጅ እንለዋለን። 25 ናሙና ሲሞላ የሁሉንም አማካይና የሬንጆቹን አማካይ አውጡ። ለምሳሌ አማካዩ 3.24፣ የሬንጁ አማካይ 0.12 ግራም ቢሆን፣ 0.12ን በ0.577 ስታባዙ 0.069 ይመጣል፤ የአማካዩ ወሰን 3.17 እና 3.31 ነው ማለት ነው። የሬንጁ የላይኛው ወሰን 0.12 ሲባዛ በ2.114፣ ማለትም 0.25 ነው። 0.577 እና 2.114 ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ የሚነበቡ ሲሆኑ የሚያገለግሉት ናሙናው 5 ሲሆን ብቻ ነው፤ 4 ቦቢን ካነሳችሁ 0.729 እና 2.282 ይሆናሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ሳይሆን አነሳሱ ላይ ነው። ከአምስት ማሽኖች አንድ አንድ ቦቢን አንስቶ አንድ ናሙና የሚያደርግ አለ። ያን ጊዜ በማሽኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ሬንጁ ውስጥ ይገባና ወሰኑን ያሰፋዋል፤ ነጥቦቹ መሃል መስመሩን አቅፈው ይሄዳሉ፤ ቻርቱም «ሁሉ ደህና» ይላል። ነጥቦች ከመጠን በላይ ሲያምሩ ጠርጥሩ። ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ቻርት ያዙ።

ሚዛኑም ሌላ ጉዳይ ነው። እስከ 0.1 ግራም ብቻ የሚያነብ ሚዛን እዚህ አይረዳችሁም፤ ሬንጁ 0፣ 0.1 ወይም 0.2 ብቻ እየሆነ ይቀራል። ቢያንስ 0.01 የሚያነብ ይሁን። ከሚዛኑ የባሰው ደግሞ አየሩ ነው። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ለንግድ የሚታሰብለት ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጣና ዳር እንኳ አየሩ ሲደርቅ፣ የክሩ እርጥበት ወደ 6.5 በመቶ ቢወርድ ክብደቱ 1.8 በመቶ፣ ማለትም 0.06 ግራም ይቀንሳል። ይህ ብቻውን ነጥቡን ወሰኑ ጫፍ ላይ ሊያደርሰው ምንም አይቀረው፤ ክሩ ግን አልቀጠነም። ናሙናውን 20 ዲግሪ ሴልሺየስና 65 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል አሳድሩት። እንዲህ ያለ ክፍል ከሌላችሁ በየምዝኑ የአየሩን እርጥበት ቻርቱ ላይ ጻፉ፤ ቢያንስ ማንን እንደምትከሱ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ማርሹ፣ የክሩን ውፍረት ወደሚወስነው ጥርሳም ጎማ። አንድ ናሙና 3.20 ሲመጣ የፈረቃ ኃላፊው «ቀጥኗል፣ ማርሽ ቀይር» ይላል። ባለ 40 ጥርሱ በባለ 41 ሲተካ ለውጡ 2.5 በመቶ፣ ማለትም 0.08 ግራም ነው፤ ወሰኑ ከመሃል መስመሩ ከሚርቅበት 0.07 ይበልጣል። በወሰን ውስጥ ያለን ልዩነት ለማረም በአማካይ 3.24 የነበረውን ክር ወደ 3.32 ወስዳችሁ ከወሰን ታወጡታላችሁ፤ በሚቀጥለው ምዝን ደግሞ ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ። የተረጋጋን ማሽን በየምዝኑ ባያችሁት ስሕተት ልክ ብታርሙት የክሩ መዋዠቅ 1.41 እጥፍ ይሰፋል። ትጋት የሚመስል ጥፋት ነው።

ማሽኑን ለመንካት ሁለት ምልክት ይበቃችኋል፦ ከወሰን የወጣ ነጥብ፣ ወይም በመሃል መስመሩ በአንድ ወገን የተሰለፉ 8 ተከታታይ ነጥቦች። መጀመሪያ የሬንጁን ቻርት አንብቡ፤ እሱ ከተናወጠ የአማካዩ ወሰን ትርጉም የለውም። ምልክት ሲታይ ያንኑ ክር እንደገና መዝኑ፣ የመጠቅለያውን ዙር ቁጠሩ። እውነት ከሆነ ሌሎቹን ማሽኖች እዩ። አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው። ሁሉም አብረው ከወረዱ ወደ ኋላ ሂዱ፦ ሮቪንግ (ከመፈተሉ በፊት ያለው ወፍራም ገመድ)፣ ድሮው ፍሬም (የጥጥ ገመዶችን አጣምሮ የሚስበው ማሽን)፣ የጥጡ ድብልቅ። ድሮው ፍሬም ላይ አብረው ከሚገቡት 8 ስላይቨር (ያልተጠመዘዘ የጥጥ ገመድ) አንዱ አልቆ ማሽኑ ሳይቆም ከሄደ ክሩ 12.5 በመቶ ይቀላል፤ 2.83 አካባቢ ካያችሁ የማቆሚያውን ሴንሰር ፈትሹ፤ ማርሽ ላይ ጊዜ አታባክኑ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ነጥቡ በሰዓቱ፣ ማሽኑ አጠገብ ከተመዘገበ ነው። መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ የፈረቃ ቅያሪውን፣ ከመተማ የመጣው አዲስ ጥጥ የገባበትን ቀን ከነጥቡ ሥር ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ቢሮ ውስጥ ተሞልቶ ለኦዲተር የሚሰቀል ቻርት የግድግዳ ጌጥ ነው።

በመጨረሻ የደንበኛውን መስፈርት ከቁጥጥር ወሰን ጋር አታምታቱ። መስፈርቱን በአማካይ ቻርት ላይ አታስምሩ፤ የአምስት አማካይ ከአንድ ቦቢን ያነሰ ስለሚዋዥቅ ያሞኛችኋል። ደንበኛው ለእያንዳንዱ ቦቢን ከ3.24 ላይና ታች 3 በመቶ ይፈቅዳል እንበል፤ ከ3.14 እስከ 3.34 መሆኑ ነው፤ ስፋቱ 0.20 ግራም ያህል። የማሽኑን የራሱን መዋዠቅ ስፋት ለማግኘት 0.12ን በ2.326 (ይህም ናሙናው 5 ሲሆን የሚያገለግል የሠንጠረዥ ቁጥር ነው) አካፍሉና በ6 አባዙ፦ 0.31፣ ከደንበኛው 0.20 ይሰፋል። ቻርቱ ጸጥ ብሎም ከመቶ 6 ያህሉ ቦቢን ከመስፈርት ይወጣል። እዚህ ላይ ለፈታይዋ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግፍ ነው፤ እሷ የምትቀይረው ነገር የለም። ይህን ስሌት ይዛችሁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ግቡ፤ ድብልቁ ከብዙ ቤል (የጥጥ እስር) እንዲወሰድ፣ የተበሉ የላስቲክ ሮለሮች እንዲለወጡ፣ ድሮው ፍሬሙ እንዲጠገን የሚወስነው እሱ ነው። ከተሠራ በኋላ አዲስ 25 ናሙና ሰብስባችሁ ወሰኑን እንደገና አስሉ፤ አሮጌውን ግን አታጥፉት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ጥገናው ምን ያህል እንደጠቀመ የሚታየው።