በአራተኛው አልበም «አዲስ» መባል

ውድ ልጆቼ፣

ለንደን ውስጥ የሙዚቀኞችን ሂሳብ ስሠራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ድምፃዊ ስላልሆንኩ ስለ ዜማ ልመክራችሁ አልደፍርም፤ ነገር ግን ከእናንተ መካከል ማታ ማታ ራፕ የምትጽፉና መኝታ ቤታችሁ ውስጥ የምትቀዱ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ሊትል ሲምዝ በሚለው ስም ስለምትታወቀው እንግሊዛዊት ድምፃዊትና ራፐር ላጫውታችሁ ወደድኩ። እኔም የማውቃት እንደ ማንኛውም አድማጭ ከሩቅ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እውነተኛ ስሟ ሲምቢያቱ አጂካዎ ነው። በ1994 ከናይጄሪያውያን ወላጆች ተወልዳ ያደገችው በለንደኑ ኢዝሊንግተን ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚገኙበት የካሌዶኒያን መንገድ የሚያልፍበት ወረዳ ማለት ነው። ገና በልጅነቷ በሰፈሯ የወጣቶች ማዕከል መድረክ ለመደች፤ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ በቢቢሲ የልጆች ድራማ ላይ ተወነች፤ ሚክስቴፕ የሚባለውን፣ መደበኛ አልበም ያልሆነ የዘፈን ስብስብ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበች ለቀቀች። በ2015 የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣም ያሳተመችው ኤጅ 101 በተባለው በራሷ ድርጅት ነበር። በ2016 ሁለተኛው፣ በ2019 ሦስተኛው ተከተለ። በ2021 የወጣው አራተኛው አልበም ርዕስ «አንዳንዴ ዝምተኛ ልሆን እችላለሁ» እንደ ማለት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ ቤተሰቦቿ የሚጠሯትን «ሲምቢ» የሚለውን ስም ይሰጣሉ።

በየካቲት 2022 ብሪት የተባለው የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት «ምርጥ አዲስ አርቲስት» ብሎ ሸለማት። እናቷን አስከትላ መድረክ ስትወጣ በቴሌቪዥን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አራት አልበም ያሳተመች ሴት አዲስ ስትባል፣ የሰው ዓይን እስኪያርፍባት ድረስ የሠራችው ሁሉ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም ማለት ነውና። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ይኸው አራተኛ አልበም፣ ለዓመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውንና 25,000 ፓውንድ የሚያስገኘውን የመርኩሪ ሽልማት አሸነፈ።

እኔን ግን የበለጠ የገረመኝ በሁለቱ ሽልማቶች መካከል፣ ሚያዝያ ላይ የሆነው ነው። የአሜሪካ ጉዞዋን ሰረዘች፤ ምክንያቷንም አልሸፋፈነችም። የመድረኩን ወጪ ሁሉ ከራሷ ኪስ የምትሸፍን በመሆኗ፣ ብትሄድ ከባድ ኪሳራ ውስጥ እንደምትወድቅ በግልጽ ተናገረች። ሙዚቀኛ እንዲህ ሲናገር ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። የዚህን ጉዞ ሂሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፦ የቪዛና የጠበቃ ክፍያ፣ የአጃቢዎች የቀን አበል፣ ሆቴል፣ አውቶቡስ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ኢንሹራንስ። ከትኬቱ ሽያጭ አዘጋጁና ወኪሉ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ደግሞ ወጪው ሳይቀነስ ከውጭ አገር አርቲስት ጠቅላላ ክፍያ 30 በመቶውን ቀድሞ ሊያስቀር ይችላል። ትልቅ አሳታሚ ያለው ሰው ጉድለቱን በአሳታሚው ገንዘብ ይሞላል፤ ያ ገንዘብ ግን ስጦታ ሳይሆን ከዘፈኑ ገቢ ተቀንሶ የሚመለስ ብድር ነው።

ይህን ካለማስተዋል የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወጣት ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልሎ ቢሮዬ መጣ። ዘፈኑ በየሬዲዮው እየተሰማ፣ አሳታሚው የላከለት መግለጫ ግን አሁንም ባለ ዕዳ መሆኑን ይናገራል። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ለእኔ አሳይቶኝ ነበር፤ የግብር መዝጊያ ሰሞን ስለነበር ገለጥ ገለጥ አድርጌ «ደህና ነው» ብዬ መለስኩለት። የጉዞው፣ የክሊፑ፣ የፎቶው ወጪ ሳይቀር ከእሱ ድርሻ እንደሚቆረጥ የሚናገረው አንቀጽ መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከአሳታሚ ጋር አትዋዋሉ እያልኳችሁ አይደለም። ብቻውን የቆመ ሰው ምን እንደሚከፍል ሲምዝ ራሷ አሳይታለች፤ ሊያያት የጓጓ የአሜሪካ ታዳሚ ያን ዓመት ሳያያት ቀርቷል። እሷ ግን የምትከፍለውን አስቀድማ ቆጥራ ነው የከፈለችው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ያወጣችው አምስተኛ አልበምም የሙዚቃውን ንግድ አሠራር ፊት ለፊት የሚናገር ነበር።

ያ ባለ ፌስታል ልጅ ዛሬም ይዘፍናል፤ ደረሰኞቹንም በየወሩ በፖስታ ይልክልኛል። እኔም ውል ሲመጣልኝ ማንበብ የምጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው።