ሉል ለሙሽራ፣ ሉል ለጥርስ፦ የሰሞኑ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ላይ ጥር ሲገባ ሠርግ ይደራል፣ ጥያቄውም ወደ ጌጥ ያደላል። ሰሞኑን የደረሱኝ አብዛኞቹ ስለ ሉል ናቸው። ሱቅ ውስጥ "ፐርል"፣ ቤት ውስጥ ዕንቁ የምንለው ማለት ነው። አባቴ አንጥረኛ ስለነበር ሰው እኔንም አዋቂ ያደርገኛል። እሱ ግን ወርቅና ብር እንጂ ሉል ነክቶ አያውቅም። እኔ የተማርኩት ከስሬ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ልድር ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ የሦስት ሐብል ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ የጃፓን፣ ጥቁር የታሂቲ፣ ወርቃማ የደቡብ ባሕር። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የቱን ልያዝላት? የሙሽራ እናት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት እማማ። ሦስቱም በጨው ውኃ የሚመረቱ ናቸው። የሚለያዩት ከእናታቸው ነው። እናታቸው ኦይስተር ትባላለች፣ ሁለት ክዳን ያላት የባሕር እንስሳ።

የነጩ እናት አኮያ ትባላለች፤ ከመዳፍ አትበልጥም። ሉሏም ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር። ክብነቱና ብልጭታው ግን አንደኛ ነው። የሚለቀመው በክረምት፣ ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ያኔ እንስሳዋ የሉሉን ሽፋን ቀስ እያለች ስለምትደርበው ገጹ ይጠራል።

የወርቃማው እናት እንደ ሰሐን ትሰፋለች። ስለዚህ ሉሏ ከ9 እስከ 16 ሚሊሜትር ይደርሳል። ወርቃማው በብዛት ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዢያ፣ ብርማው ነጭ ደግሞ ከአውስትራሊያ ይመጣል። ሽፋኑ ወፍራም፣ ብልጭታው ግን እንደ ሐር ለስላሳ ነው። ከአኮያ ጋር ሲያስተያዩት የደበዘዘ ይመስላል። አልደበዘዘም፣ ጠባዩ ነው።

ጥቁሩ የታሂቲ ይባላል እንጂ የሚመረተው በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ትናንሽ ደሴቶች ዙሪያ ነው። ጥቁር ብቻም አይደለም። ግራጫ አለው፣ አረንጓዴ አለው፣ የጣዎስ ላባ የመሰለም አለው። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ግን በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ለሠርግ ቀን ይሁን ብል አክስቶች አይለቁኝም።

እኔ ብሆን 7 ሚሊሜትር አኮያ እይዝላታለሁ። ጥልፉ ወርቃማ ከሆነና ገንዘቡ ካለ ግን ወርቃማውን፤ ሐብሉ ቢቀር ጉትቻ ብቻ። ትልቅነት አያታልልዎት። እህትዎ ሐብሉን መስኮት አጠገብ ይዛ ቪዲዮ ትላክልዎ። የመስኮቱ ፍሬም ሉሉ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ጭጋግ ከመሰለ ይለፉት።

አሁን ወደ ኪሳራዬ። ከዓመታት በፊት አኮያ ነው የተባልኩትን ሐብል ገዛሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በክሩ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ጀመረ። ከሥሩ የወጣው የሞተ ነጭ ዶቃ ነበር። ሉሉ ሐሰት አልነበረም፤ እንስሳዋ ሽፋኑን የምትደርበው ሰው በከተተባት ዶቃ ላይ ነው። ከባሕር ቶሎ ስለወጣ ሽፋኑ ስስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰዓት ሠሪ መነጽር ሳልይዝ አልገዛም። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሽፋኑና ዶቃው የሚለዩበት መስመር ይታያል፤ የሽፋኑ ውፍረት እዚያ ላይ ይነበባል።

ጥያቄ፦ ሻጩ "የተመረተ ነው" ሲለኝ ትቼው ወጣሁ። አርቴፊሻል ማለቱ አይደል? ከፒያሳ

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ሻጩ እውነቱን ስለነገረህ ተቀጣ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሉል ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመረተ ነው። ባለሙያው ከወንዝ ዛጎል የተቀረጸ ክብ ዶቃና ከሌላ ኦይስተር የተቆረሰ ትንሽ ሥጋ እንስሳዋ ውስጥ ይከታል። ቀሪውን ሥራ እሷ ትሠራለች፣ ሽፋን በሽፋን ላይ እየደረበች። አኮያ አንድ ዓመት ገደማ፣ የደቡብ ባሕሩ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሉል ማምረትን ትልቅ ንግድ ያደረገው ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ነው። በ1893 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጀመሪያ የተሳካለት ግማሽ ክብ ሉል ነበር። ሰው ያላስጀመረው ሉል ድሮ በቀይ ባሕር፣ በዳህላክ፣ ጠላቂዎች የሚያወጡት ዓይነት ነው። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ራጅ ነው፣ ዓይን አይደለም።

ጥያቄ፦ በጥርስ ይለያል የሚሉት እውነት ነው? ከአዘዞ

መልስ፦ ግማሽ እውነት። እውነተኛው በፊት ጥርስ ቀስ ብሎ ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፤ ብርጭቆና ፕላስቲክ ይንሸራተታል። ግን ጥሩ ነው መጥፎ፣ የጃፓን ነው የታሂቲ አይነግርሽም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለሽ ደግሞ ምንም አይነግርሽም። ሰው አፍ የገባ ዕቃ እንደሆነም አትርሺ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሉል በጣም በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ? ከአራዳ

መልስ፦ ቀለም የተነከረ መሆኑን አውቀሽ ከሆነ ግዢ። ፍሬዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆኑ፣ ቀዳዳው ዙሪያም ቀለም ከተጠራቀመ ታሂቲ አይደለም። የታሂቲ ሐብል ፍሬ ከፍሬ ትንሽ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ማርባት አይቻልም? ሥራ ፈላጊ

መልስ፦ እነዚህን አይቻልም፤ የጨው ባሕር ፍጥረቶች ናቸው። ቻይናዎች በሐይቅና በኩሬ የሚያመርቱት ሌላ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት አድርጌው ወጥቼ ፋሲል መዋኛ ግፊያ ውስጥ ክሩ ተበጠሰ። አሥራ አንድ ፍሬ ጠፋ። የቀረውም ደብዝዟል። ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነበር፣ ከሱ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ሽቶ፣ ላብና ሎሚ ሉልን ይበሉታል፤ አሲድ ያሟሟዋል። ቅቤው ግን በላዩ ላይ ይጋገርና ያደበዝዘዋል እንጂ አያሟሟውም። በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ከወርቅ ጋር በአንድ ሳጥን አታስቀምጪው፤ ይጫረዋል። ሌላ ጊዜ ቅቤና ሽቶ መጀመሪያ፣ ሉል መጨረሻ። አዲስ ስታስደረድሪ በእያንዳንዱ ፍሬ መካከል ቋጠሮ ይደረግልሽ። ያኔ ቢበጠስ እንኳ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ነው፣ ቢበዛ ሁለት።