ያልከፈታችሁት ቀን

እንደምን ከረማችሁ ልጆች።

ባለፈው ወር ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለወጣቶች ኮዲንግ በማስተምርባት ጠባብ ክፍል አንዲት ተማሪዬን ስልኳ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አጎቷ አርፈው ኩታበር ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ ሦስት ቀን ተቀምጣ መመለሷ ነው። «አብሽሪ» ልላት ስል ስልኩን አዞረችልኝ። «ለአጎቴስ አልቅሼ ወጣልኝ ጋሼ። ይሄን ይዩት።»

የሜዲቴሽን አፕ ነው፣ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን እያዳመጡ ጸጥ ብሎ መቀመጥን የሚያስለምድ። 112 ቀን ሳታቋርጥ በየማታው ተቀምጣለች። ለቅሶው ቤት ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ? ድንኳን ውስጥ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዓይን መጨፈን፣ የቅሬው፣ የዕድሩ ሰው ምን ይላል? ስትመለስ ቁጥሩ ዜሮ ገብቶ ጠበቃት። ትንሽ ዝም አለችና ራሷ ሳቀች። «ጭንቀት ይቀንስልኛል ብዬ የጫንኩት እኮ ነው!»

ይሄን የሚያስጽፈኝ ያ ሳቋ ነው።

27 ዓመት ሶፍትዌር ስሠራ ኖሬያለሁ። የሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ፣ ወይዘሮ ስኂን ነው የተማርኩት። አዲስ አበባ ብዙ ከርሜ ጸጉሬ ሲሸብት ተመለስኩ። መነኩሴም ሼህም አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። የማውቀው ነገር ስክሪን ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ለምን እዚያች ቦታ እንደተቀመጠች ነው። ብዙዎቻችሁ እነዚህን አፖች ትጠቀማላችሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንቅልፍ የራቀው ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት አይደለምና አልፈርድባችሁም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የራሳችሁን አፕ ልትሠሩ ተነስታችኋል። የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው።

መጀመሪያ የሠሪዎቹን ችግር ልንገራችሁ። ሰው አፕ ይጭናል፣ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት 93 የአእምሮ ጤና አፖችን አይቶ ነበር። በ30ኛው ቀን አሁንም የሚከፍታቸው ሰው 3.3 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ሰው ሦስት! ሱቅ ከፍታችሁ ከመቶ ደንበኛ 97ቱ በወሩ ቢጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ያው በር ላይ ቆማችሁ የአላፊ አግዳሚውን ክንድ ትጎትታላችሁ። አፖቹም እንደዚያው ናቸው፤ ብቻ እነሱ ሲጎትቱ አይታወቃችሁም።

ሄድስፔስ የሚባለውን የሜዲቴሽን አፕ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ የጀመሩት አንድ የቀድሞ የቡድሃ መነኩሴና አንድ የማስታወቂያ ሰው ናቸው። ጥምረቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። አፑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአዲስ ሰው የሚያቀርበው ነገር ትንሽ ነበር፤ በቀን 10 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን፣ በነጻ። ማን እምቢ ይላል? ካልም የሚባለው ሌላው አፕ ደግሞ ስትከፍቱት ገና ምንም ሳይጠይቃችሁ «ረጅም ትንፋሽ ውሰዱ» ይላችኋል፣ ከኋላው ሐይቅና ተራራ። እኔ ሳየው የኛ ሐይቅ እስጢፋኖስ ትዝ ይለኛል። አንዷን ትንፋሽ ስትወስዱ አገልግሎቱን መጠቀም ጀምራችኋል። ይሄን ሳላደንቅ አላልፍም፣ ጥሩ ሥራ ነው።

ስታንፎርድ ያስተምር የነበረ ቢጄ ፎግ የሚባል ሰው ነገሩን በቀላሉ አስቀምጦታል። ሰው አንድ ነገር የሚያደርገው ሦስት ነገሮች በአንድ ቅጽበት ሲገጣጠሙለት ነው፤ ፍላጎቱ፣ የነገሩ ቀላልነትና የሚቀሰቅስ ነገር። ፍላጎትን ከውጭ መፍጠር ከባድ ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ጉልበቱን ቀሪዎቹ ሁለቱ ላይ ያፈሳል። ነገሩን ያቀልላል፣ ከዚያ ይቀሰቅሳል።

ስለ መቀስቀስ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዳታ ልጆች ይጠቅማል። ካልሞች ቁጥራቸውን ሲያዩ በየቀኑ የሚያስታውስ ማሳሰቢያ የሞሉ ሰዎች ከሌላው ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚቆዩ አገኙ። የሞላው ግን ጥቂት ሰው ነበር፣ ምክንያቱም ቁልፏ ሴቲንግ ውስጥ ተደብቃ ነበር። አሁን ቸኩላችሁ «ማሳሰቢያ ሰውን ያቆያል» ልትሉ ነው። ቆዩ። ድሮም ቆራጥ የሆነው ሰው ይሆናል እኮ ሴቲንግ ድረስ ገብቶ የሚሞላው! እነሱም ይሄን ጠረጠሩና ሞከሩት። ለአንዳንድ ሰዎች የመጀመሪያውን ቁጭታ እንደጨረሱ «ነገም ላስታውስህ?» የሚል ገጽ አሳዩ። ሠራ። እነዚያም ቆዩ። ጥያቄው የመጣበትን ሰዓት ልብ በሉ። ሰውዬው ገና ዓይኑን መግለጡ ነው፣ ልቡ ለስልሷል፣ እሺ ለማለት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለውም።

ስትጨርሱ የምትሞላዋ ክብና የምትበራዋ ምልክትም ሥራ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ፤ የሞከሩት መኪና ማጠቢያ ነው፣ ላቫጆ። ለግማሹ ደንበኛ ስምንት ማኅተም የሚፈልግ ካርድ ሰጡ፣ ሲሞላ አንድ እጥበት በነጻ። ለሌላው አሥር የሚፈልግ ካርድ ሰጡ፣ ግን ሁለቱን አስቀድመው መቱለት። ሁለቱም የቀራቸው ስምንት ነው። ካርዱን የሞላው ከመጀመሪያዎቹ 19 በመቶ ሲሆን ከሁለተኛዎቹ 34 በመቶ ሆነ። የተጀመረ ነገር ይጎትታል። አንዳንድ አፕ ላይ ክቧ ገና በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ተሞልታ ብታገኟት ለዚህ ነው።

እዚህ ድረስ ምንም አልከፋኝም። ወደ ስትሪኩ እንምጣ፣ ሳታቋርጡ የተቀመጣችሁበትን ቀን ወደሚቆጥረው ቁጥር።

ካህነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ነገር አለ፤ ማጣት ከማግኘት ይልቅ ይከብዳል። መቶ ብር ስታገኙ ከምትደሰቱት መቶ ብር ሲጠፋችሁ የምትናደዱት ይበልጣል። ስትሪክ የሚሠራው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ስለሚላችሁ ትቀመጣላችሁ። በመቶኛው ቀን ቁጥሩ እንዳይጠፋ ትቀመጣላችሁ። ከውጭ ሲያዩት ያው ቁጭታ ነው። ውስጡ ግን ተቀይሯል፣ አንዱ ዕረፍት ነው፣ ሌላው ዕዳ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የቁጠባ ማሳሰቢያ በኤስኤምኤስ እንዲሄድ ሠራን። ደንበኛው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባል፣ ያልቆጠበ መልእክት ይደርሰዋል። መጀመሪያ «የዚህ ሳምንት ቁጠባዎን አልፈጸሙም» የሚል ነበር። ሰው ችላ አለው። እኔ ነኝ ቃሉን የለወጥኩት። «ቃልዎን አላከበሩም» አልኩ። የሚላክበትንም ሰዓት ወደ ማታ ሦስት ሰዓት ወሰድኩት፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ነው ብዬ። ቁጥሩ ወዲያው ወጣ። አለቃዬ በስብሰባ አስጨበጨበልኝ፣ እኔም ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ከዚያ አንድ ጠዋት አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮ መጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ልጄ፣ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማንን ቃል ነው ያፈረስኩት?» አሉኝ። ለእኔ ጽሑፍ ነበር። እሳቸው ያደጉበት አገር ግን ቃል ያፈረሰ ሰው ከሰው አይቆጠርም። አልቆጠቡም የተባሉት ሃምሳ ብር ነው። መልእክቱን የዚያኑ ዕለት ቀየርኩት። ቁጥሩ ወረደ፣ ጭብጨባውም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንድን አፕ ስመረምር የማየው አንድ ቦታ ነው። ሰው ያልከፈተበት ቀን ምን ይለዋል? የሚከፍተውንማ ሁሉም ይንከባከበዋል። የታመመ፣ ለቅሶ የሄደ፣ መብራት የጠፋበት፣ ወይ ዝም ብሎ የደከመው ሰው ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? አፑ ለማን እንደተሠራ የሚታየው እዚያች ገጽ ላይ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሁለት መቁጠሪያ ነበር። የእናቴ እናት የምትይዘው የክርስቲያን ነው፣ 41ዱን «እግዚኦ» የምትቆጥርበት። የአባቴ እናት ደግሞ 33 ፍሬ ያለው ሙስበሃ ነበራት። ወሎ ነው፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሁለቱም አያቶቼ አንድ ጀበና ሥር ይቀመጡ ነበር። እና ሁለቱም ዕቃዎች ንድፍ ናቸው እኮ! ጣት ሥራ ስለሚያገኝ ሐሳብ አይባዝንም። ቆጠራው የት እንደደረሰ በጣት ስለሚታወቅ ዓይን መግለጥ አያስፈልግም። ግን ፍሬዎቹ የሚቆጥሩት የዛሬውን ቁጭታ ብቻ ነው። ክቡ ሲዞር አለቀ፣ ነገ ከአንድ ይጀመራል። አያቴ ወባ ይዟት አንድ ሳምንት ተኝታ ስትነሳ ሙስበሃው ትራሷ ሥር ነበር፤ አነሳችና ቀጠለች። «ሰባት ቀን አመለጠሽ» ያላት የለም።

ሳይንሱም ከአያቴ ብዙ አይርቅም። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ተደርጎ ለ12 ሳምንት ተከታትለዋቸዋል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ነገሩ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው። አንዳንዱን 18፣ አንዳንዱን እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅበትም ገምተዋል። ለኛ ጉዳይ የሚበጀው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ዜሮ የምትለዋ ገጽ እንግዲህ ስለ ልማዳችሁ የምትነግራችሁ እውነት የላትም። ተማሪዬ 112 ቀን የለመደችውን በሦስት ቀን ለቅሶ አልረሳችውም።

ለምትጠቀሙ ልጆች ቶሎ ቶሎ ልበል። ነጻ ሙከራ ስትጀምሩ ማለቂያውን ቀን ጻፉ፤ ብዙዎቹ በዓመት ክፍያ ራሳቸውን ያድሳሉ፣ ዘመድ ውጭ አገር ሆኖ በካርዱ የከፈለላችሁም ብትሆኑ ብሩ ብር ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያጠፋም። ሲከፈት «ምን አመጣህ? ጭንቀት? እንቅልፍ?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ደግሞ ሁሉንም አትመልሱ። ቤተርሄልፕ የተባለ የምክር አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ቁጭታውን ከስልክ ጋር ሳይሆን ከቤት ነገር ጋር እሰሩት። ጀበናው ከተጣደ ጀምሮ አቦሉ እስኪቀዳ ጥሩ ደቂቃዎች አሉ። ሽታው ይቀሰቅሳችኋል፣ ኖቲፊኬሽን አያስፈልገውም። አፑ ላስተማራችሁ ነገር አመስግኑትና አንዳንድ ቀን ያለ እሱ ተቀመጡ።

ለምትሠሩ ልጆች ደግሞ፣ በአማርኛ ስትሠሩ አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብሎ ወንዱንም ሴቷንም ትልቁንም ትንሹንም ያዛል። አማርኛ አያስመልጥም፤ ወይ «ተንፍስ» ነው፣ ወይ «ተንፍሺ»፣ ወይ «ይተንፍሱ»። በማሽን የተተረጎመ አፕ አክስቴን «ዓይንህን ጨፍን» ሲላት ሰምቼ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እሷ ግን ዘጋችው፣ ልክ ናት። የሰውን አጠራር ያላወቀ እንዴት ያሳርፈዋል?

ተማሪዎቼ አሁን ትንሽ አፕ እየሠሩ ነው። ማታ ማታ አምስት ደቂቃ የሚያስቀምጥ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ። የተጨቃጨቅነው ከቀናት በኋላ የሚመለስ ሰው በሚያያት ገጽ ላይ ነው። አንዱ «ናፍቀኸናል» አለ፤ ውሸት ነው፣ ሰርቨር አይናፍቅም። ሌላው «ከ9 ቀን በኋላ ተመለስክ» አለ፤ ይሄማ የእኔ ኤስኤምኤስ ነው። ያቺ ለቅሶ የሄደችው ልጅ ዝም ብላ ቆይታ «እንደምን ከረማችሁ» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም የለም፣ ከሥሩ አንድ «እንቀመጥ» የምትል ቁልፍ። ስንት ቀን እንደጠፋችሁ አይቆጥርም፣ ወንድ ሴት አይለይም፣ ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል። ሁሉም እሺ አለ።

ከአንዱ በቀር። እሱ እሳቷ፣ ስትሪኩን የምታሳየው የነበልባል ምልክት ማለቴ ነው፣ ትግባ ይላል። «ጋሼ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ካልተመለሰስ?» ይለኛል። ያንን 3.3 በመቶ ያሳየሁት እኔው ነኝና መልስ አጣሁለት። ሐሙስ ከሰዓት እንቀጥላለን። ሐሳብ ያላችሁ ኑ፣ ቡናው በእኔ።