ለነጣው ቲማቲም ኬሻ እንጂ መድኃኒት አይግዙ

ጥያቄ፦ ፒያሳ ግቢያችን ውስጥ በባልዲ የተከልኩት ቲማቲም ከኅዳር ወዲህ ቅጠሉ ነጣ፤ ከቅጠሉ በታችም ሐምራዊ ሆነ። አጠገቡ ያለው ጎመን ደህና ነው። ምን ልርጭበት? ዩሪያስ ልጨምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎመኑ ደህና መሆኑን መጻፍዎ ጠቀመኝ። ጉዳቱ ከኅዳር ጀምሮ ቲማቲሙን ብቻ ከለየ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሌሊት ብርድንና የጠዋት ፀሐይን ነው። ይበልጥ የነጣው በምሥራቅ በኩል ያለው ቅጠል ከሆነ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

ቅጠል ምግቡን የሚሠራው ክሎሮፕላስት በሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች ውስጥ፣ በተነባበረ ስስ የስብ ሽፋን ላይ ነው። የጎመን ስብ በብርድም እንደ ኑግ ዘይት ሳይረጋ ያድራል፤ የቲማቲሙ ግን ከፊሉ እንደ ቅቤ ይረጋል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሽፋኑ ይደድራል፣ ብርሃን የጎዳውን መጠገንም ያቅተዋል። በዚያ ላይ የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ተክሉ ሊጠቀምበት ያልቻለው ብርሃን ስቡንም አረንጓዴውንም ቀለም ያበላሻል።

ስለዚህ በባልዲዎቹ ዙሪያ 4 እንጨት ይትከሉ፤ ከተክሉ ጫፍ አንድ ስንዝር ይብለጥ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ኬሻ ያልብሱት፣ ቅጠሉን ግን አይንካ። ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ከውስጥ ያስቀምጡ፤ ሙቀቱን ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ጠዋት ሲነሡ ሙሉ በሙሉ አይግለጡት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምሥራቁ ጎን እስከ 3 ሰዓት ተሸፍኖ ይቆይ፣ ሌላው ይከፈት። ፕላስቲክ ብቻ ካለዎት ቀን ጨርሰው ያንሡት፣ አለዚያ ተክሉ ይቀቀላል። ውኃ የሚያጠጡትም ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ ማታ የጠጣ አፈር ቀዝቅዞ ያድራል።

ዩሪያውን ግን ይተዉት። ቅጠል ቀለም በለወጠ ቁጥር ማዳበሪያ መበተን በየግቢው የማየው ልማድ ነው፤ በባልዲ አፈር ሥር ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ሐምራዊው ቀለም ፎስፈረስ የሚባለው የተክል ምግብ ማነሱን ይጠቁማል፤ ይሁንና አፈሩ ውስጥ ቢኖርም የቀዘቀዘ ሥር ስቦ አያወጣውም። ተክል ራሱ ሲያጥረው ፎስፈረስ ያለበትን ስብ በስኳርና በድኝ በተሠራ ስብ እየተካ ይቆጥባል። አፈሩ ሲሞቅ መሳቡን ይቀጥላል።

የነጣው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፤ የሚያዩት አዲሱን ቅጠል ነው። ከ10 ቀን በኋላ አዲሱም ከነጣ ገልብጠው ይመልከቱት፤ ቀጭን ድር ካለበት የቀይ ሸረሪት ተባይ ስለሚሆን ቅጠሉን ይዘው ወደ ወረዳዎ የግብርና ባለሙያ ይሂዱ።